ለእኔም ይጨበጨብልኛል

ከመንገዱ ማዶ ብሔራዊ ቴአትር አለ። እዚያ ሰው ሲያጨበጭብ ተዋናዩ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣና መጋረጃው ይዘጋል። እኛ ካፌ ውስጥ ሲጨበጨብ ጎንበስ የምለው እኔ ነኝ። የሚዘጋ መጋረጃ ግን የለም፤ "ሂሳብ!" ነው የሚከተለው።

ዘጠኝ ዓመት አስተናግጃለሁ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ካሸር ሆኛለሁ፤ ማለትም አሁን ቁጭ ብዬ ነው የምሰደበው። እድገት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ባለፈው ወር ጫማ ቤት ተቀጥራ በሦስተኛው ቀን ዓይኗ አብጦ መጣች። አንዲት ሴትዮ ሰባት ጥንድ ጫማ ካስወረደቻት በኋላ ስምንተኛውን ልታለካት ጎንበስ ስትል "ለመሆኑ እጅሽን ታጥበሻል?" ብላታለች። ሳትገዛም ሄደች። እህቴ "አንቺ ግን እንዴት ነው የምትችይው?" ስትለኝ "ቻይው፣ ይለመዳል" ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። አይለመድማ። የሚለመደው ፊትን ማዘዝ ነው፤ ሆድን ማዘዝ እስካሁን አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ጭብጨባን ከክሱ ነጻ ላውጣው። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን ሰው አስተናጋጅ ለመጥራት ሲያጨበጭብ ሲያዩ ይደነግጣሉ። አንዷ የአክስቴ ልጅ "ውይ፣ በሰው!" ብላ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። እኔ ግን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ሠላሳ ጠረጴዛ ባለበት ቤት፣ የቡና ማሽኑ እየጮኸ፣ ሬዲዮው እየጮኸ፣ ሰው በምን ይጥራኝ? ስሜን አያውቅም። ሁለቴ ብቻ ጠብ ጠብ የምትል፣ "እዚህ ነኝ" የምትል ጭብጨባ አለች፤ እሷን የሚያጨበጭብ ሰው ብዙውን ጊዜ ጨዋ ነው። ስታዲየሙ ለእድሳት ሳይዘጋ በፊት ቡናና ጊዮርጊስ በተጫወቱ ቀን መለያ የለበሰ ሁሉ እየገባ ቤቱን በጭብጨባ ያናውጠው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ክፉ ቃል የሰማሁት ጥቂት ነው። የተሸነፈው ወገን እንኳ የሚሳደበው ዳኛውን ነው።

የምጠላው ከጥርስ መሀል የምትወጣዋን "ጽስ" ነው። ስለ እሷ ብዙ አልልም፤ ሠርቶ ያደረ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ስለ "አንቺ" ግን ላውራ። ጓደኞቼ ደንበኛ "አንቺ" ሲላቸው ይናደዳሉ። ስኒ የምታጥብልን ሴትዮ እናቴን ታህላለች፤ እሷን የሃያ ዓመት ጎረምሳ "አንቺ፣ መታጠቢያ ቤቱ የት ነው?" ሲላት እኔም ደሜ ይፈላል። ነገር ግን ከጥቁር አንበሳ በሽተኛ ጠይቀው የሚመጡ እናቶች አሉ፤ ፌስታላቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው "አንቺ ልጄ፣ ትኩስ ሻይ አለሽ?" ይሉኛል። ያቺ "አንቺ" እቅፍ ናት። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው፣ ያዘዘው ጨጨብሳ ማር ስላልነበረበት፣ "እርስዎ ለመሆኑ ማንበብ ይችላሉ?" ብሎኛል። በዚያ ቀን "እርስዎ" መባሌን ለማንም አላወራሁም።

ስለዚህ አንቱታ መለኪያዬ መሆኑ ቀርቷል። የእኔ መለኪያ ሦስተኛው መደብ ነው። ፊቱ ቆሜ፣ ማስታወሻዬን ይዤ፣ ለጓደኛው "ይቺ ልጅ አይገባትም መሰለኝ" የሚል ሰው አለ። "ስሚ፣ ደደብ" ያለኝ ሰው ቢያንስ ያለው እኔን ነው። ባልመልስለትም መልሱ አፌ ውስጥ አለ። "እሷ" ስባል ግን በየት በኩል ልግባ? ሁለት ሰዎች እየተጫወቱ ነው፤ ጨዋታው ስለ እኔ ቢሆንም የእነሱ ነው። ስለሚነቃነቅ ወንበር እንደሚወራው ነው የሚወራው። አንድ ጊዜ ብቻ ገብቼበታለሁ። "ይገባታል፤ ሁለት ጥቁር ማኪያቶና አንድ ስፕሪስ ነው ያላችኋት" አልኩ። ጓደኛው ሳቀ። እሱ ግን ሱፐርቫይዘሩን አስጠራ።

ውጭ ያለ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ስድቡ ዋጋ እንዳለው ነው። ብዙ ቤት የሚሠራው በማርካ ነው። ማርካ ማለት ጠዋት ከካሸሯ ቆጥረሽ የምትረከቢያት ቁራጭ ናት፤ ማሽን ላይ ላለው ልጅ ማርካ ካልሰጠሽው ማኪያቶ አይወጣም። ማታ የወሰድሽውን ማርካ በብር ታወራርጃለሽ። እንግዲህ ማኪያቶው ከባንኮኒው ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ የቤቱ መሆኑ ቀርቷል፤ የእኔ ነው፤ ገዝቼዋለሁ። ደንበኛው "ቀዝቅዟል፣ አልከፍልም" ብሎ ብድግ ካለ ቤቱ ምንም አልሆነም። የከሰርኩት እኔ ነኝ። አስተናጋጅ ሳለሁ በአንድ ከሰዓት ሦስት ማኪያቶና አንድ ክለብ ሳንድዊች በዚህ መንገድ ከፍያለሁ። ሳንድዊቹን በልቼዋለሁ፤ ማኪያቶዎቹን ግን ማን ይጠጣቸዋል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደሞዝ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። ይህን የነገረኝ ሕግ የተማረ ደንበኛችን ነው። ደስ ብሎኝ ማታ ልብስ ስንቀይር ለልጆቹ ነገርኳቸው። አንዷ ጫማዋን እያሰረች "ታዲያ ከእኛ ማን ቆረጠ? ራሳችን አይደለን እንዴ አውጥተን የምንከፍለው?" አለች። እውነቷን ነው። ማርካ ደሞዝ አይነካም፤ የሚነካው ኪስ ነው። ደሞዙማ፣ ለግል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ባልተቆረጠበት አገር፣ ለቤት ኪራይ ራሱ አይደርስም። ባለጌ ሰው ፊት የምናቀረቅረው ለዚህ ነው። ሰው ትሕትና ይመስለዋል፤ እኛ ግን እየቆጠርን ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ አስተናጋጅ ነበሩ፤ ሁላችንም "ጋሼ" ብቻ ነበር የምንላቸው። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ፒያሳ ነው፤ ነጭ ኮት ለብሰው፣ ክንዳቸው ላይ ፎጣ አንጠልጥለው። (የሠሩበት ቤት በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሊያዩት ሄደው "በሩ የነበረበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት" ብለውኛል በስልክ።) ዘዴያቸው አንድ ነበር፤ ውሃ። ሰው ሲጮህባቸው አይመልሱም። ዞር ብለው አንድ ብርጭቆ ውሃ ያመጣሉ፣ በሰውየው ቀኝ በኩል ያስቀምጣሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይቆማሉ። ሰው ፊቱ ውሃ ሲቀመጥለት ሳያስበው ያነሣዋል። "ውሃ የያዘ አፍ አይሳደብም" ይሉኝ ነበር። ውሃው ሌላም ጥቅም ነበረው። ለማምጣት ሲሄዱና ሲመለሱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ለራሳቸው ያገኛሉ። አንድ ቀን ትሪ ይዤ ከኋላቸው ስሄድ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጸሎት መስሎኝ ጠጋ አልኩ። የሰውየውን ዘር ማንዘር ነበር የሚያወርዱት።

ለእህቴም ይህንኑ ነገርኳት። ጫማ ቤት ውሃ ስለሌለ "ሌላ ቁጥር ካለ ከስቶር ልይልዎ" በይ አልኳት። ስቶር ገብተሽ ግድግዳውን የፈለግሽውን በይው።

ውሃው ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በ2016 ሐምሌ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ነጋዴው ሁሉ በየሳምንቱ አዲስ ዋጋ ይነግረን ጀመር። ሜኑ በየጊዜው ማሳተም ስለማያዋጣ ባለቤቱ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት ገዝቶ መጣ። አዲሱን ዋጋ በእስክሪፕቶ እየጻፍን አሮጌው ላይ ለጠፍን። ብዙም ሳይቆይ በዚያ ላይ ሌላ ለጠፍን። የማኪያቶው መስመር ከሌላው ከፍ ብሎ በጣት ሲዳሰስ እንደ ጠባሳ ይታወቅ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ 5 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ሽማግሌ ገብተው የአንበሳው ሐውልት በሚታይበት መስኮት ጥግ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወጡ፣ ሜኑውን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉ፣ ከዚያ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከወረቀቱ ጠርዝ ሥር አስገብተው ይልጡት ጀመር። ቀስ ብለው፣ የተቀቀለ ድንች እንደሚላጥ። ከ65 ሥር 55 ወጣ። እሱንም ላጡት። ከሥሩ የታተመው 45 ወጣ። ጣታቸው ላይ የተጣበቁትን ሁለት ወረቀቶች ወደ እኔ ዘርግተው "ይሄ ምንድነው?" አሉ።

"የድሮ ዋጋ ነው፣ ጋሼ።"

"ስንት ዓመቱ ነው ድሮ?"

"አራት ወር።"

አጠገባቸው ያሉት ሳቁ፤ ሳቁ ደግሞ አባሰው። "ሌቦች! አገሩን ያቃጠላችሁት እናንተ ናችሁ!" (አንቱ እያልኩ ነው የምጽፍላቸው፤ እሳቸው ግን "አንቺ" እንኳ አላሉኝም፣ በብዙ ቁጥር ነው የሰደቡኝ።) ውሃ አመጣሁ። ጠጡ። ብርጭቆው አለቀ፣ ስድቡ ግን አላለቀም። ሁለተኛ ላምጣ አላምጣ ስል ዓይኔ ሜኑው ላይ አረፈ፤ ያንን ሜኑ እንደዚያው ብተወው ከሰዓት የሚመጣው ሁሉ 45 ልክፈል ሊለኝ ነው። ጎንበስ ብዬ ወረቀቶቹን ከጣታቸው ተቀብዬ መልሼ መለጠፍ ጀመርኩ። ሙጫው ደርቆ አንዱ ጥግ እየተነሣ አስቸገረኝ። ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ እየተሳደቡ፣ ያንን ጥግ በጣታቸው ያዙልኝ። 55ቱን ለጠፍን። 65ቱን ለጠፍን። ሲያልቅ ዝም ብለው ቆዩና "የእኔ ጡረታ ላይ የሚለጥፍ ሰው ጠፋ" አሉ። ሻይ አዘዙ።

አዘንኩላቸው። "ሌባ" ያሉኝን ግን ከልቤ አልፋቅኩትም፤ ቲፕም አልተዉም። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ናቸው።

የምናጠፋው እኛ የሆንንበት ቀን ደግሞ አለ። ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አርብ ቀን፣ ነጠላ የለበሰች ሴት ሻይ አዘዘች። ብርጭቆውን አስቀምጬላት ሳልዞር ጠራችኝ፤ በዝግታ፣ ማንም ሳይሰማ። ከብርጭቆው ከንፈር ዝቅ ብሎ ያለውን በጣቷ አሳየችኝ። የደረቀ የወተት አረፋ ነው፣ ክር የምታህል። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ታጥቧል እኮ!" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ያኔ ነው የጮኸችው። ቤቱ ሁሉ ዞረ። ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን ጾም በአንድ ብርጭቆ ላስገድፋት ነበር፣ ይባስ ብዬ ዋሸኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሻዩን አልጠጣችም፣ ሂሳቡን ግን አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጮህብኝ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነግሮኝ እንደሆነ ወደ ኋላ አስባለሁ። አንዳንዴ ነግሮኛል።

ይህን ስል "ሰው የሆነው ነገር ይኖራል፣ ተረዱት" ከሚሉት ወገን እንዳልመደብ። እኔም ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ የቤት ኪራይ ተጨምሮብኝ ነው ባንኮኒው ጋ የምደርሰው። ማኪያቶውን ሲቀበለኝ ፊቴን አይቶ "ምን ሆነሽ ነው?" ያለኝ ሰው ግን የለም። መረዳዳቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ታክሲ ሆኗል።

እጅ ስለሚይዙት በአጭሩ ልለፍ። ሜኑ ስትሰጪው ሜኑውን ትቶ አንጓሽን የሚይዝ አለ፤ "የኔ ቆንጆ" የሚል። ለእነሱ ትሪ ነው መድኃኒቱ፣ ሁለቱንም እጅሽን የሚይዝ። ቤታችን ውስጥ ምልክትም ነበረን፤ አንዷ ጮክ ብላ "ስድስት ቁጥር ስኳር አልቋል!" ካለች ከወንዶቹ አንዱ ጠረጴዛውን ይረከባታል። ስኳር በእውነት የጠፋ ሰሞን ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጡ ዋሉ። ምልክቱን ወደ "ናፕኪን" ቀየርነው።

አሁን ካሸር ሆኜ የሚገጥመኝ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ጠብ ነው። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር ለእኛ የሚያመጣውን ማን አስቦት? መጀመሪያ የወሰደው "መልሱን ያዢው" የምትለዋን ነው። 65 ብር በስልክ የሚከፍል ሰው 65 ብር ነው የሚልከው፤ መልስ የሚባል ነገር የለም። ቀጥሎ ያመጣው "ልኬያለሁ" የሚለውን ክርክር ነው። የሌላ ቀን ስክሪንሾት እያሳዩ የሚወጡ ስላሉ፣ የቤቱ ሕግ መልእክቱ እኛ ስልክ ላይ ካልገባ ደንበኛ አይሸኝም የሚል ነው። ኔትወርኩ ግን የቤቱን ሕግ አያውቅም።

ኅዳር ላይ ነው። ከምሳ በኋላ፣ ከጎን ካለው ረጅሙ ፎቅ የባንኩ ልጆች ተግተልትለው የሚገቡበት ሰዓት። አንድ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሰው 170 ብር ሂሳቡን ልኮ ስልኩን አሳየኝ። የእኛ ስልክ ዝም።

"ትንሽ ይታገሱኝ፣ መልእክቱ አልገባም።"

"ልኬያለሁ አልኩሽ እኮ።"

"አውቃለሁ፤ ሲገባ እነግርዎታለሁ።"

አምስት ደቂቃ ያህል ቆመ። ከኋላው ሰልፉ ረዘመ። አንዱ ከንፈሩን መጠጠ፤ ለማን እንደመጠጠ አላውቅም፤ ሰውየው ግን ለእሱ መሰለው። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። "ሌባ እመስላለሁ? እንደዚህ ለብሼ በማኪያቶ የምሸሽ እመስላለሁ?" ቀጠለ። የጋሼን ነገር አስታውሼ አጠገቤ ያለውን ውሃ ቀዳሁና አስጠጋሁለት። በእጁ ጀርባ ገፋው። ውሃው ደረሰኝ የማስርበት መዝገብ ላይ ፈሰሰ። ከኪሱ ሐምራዊዋን 200 ብር አውጥቶ እርጥቡ ላይ ጣላት። "መልሱን ትምህርት ቤት ግቢበት" ብሎኝ ወጣ።

መዝገቡን በናፕኪን እያደረቅኩ ቀሪዎቹን አስተናገድኩ። ካርቦኑ ታጥቦ ጣቴ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። አርባ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ስልኩ ነዘረ። 170 ብር ገብቷል። ሰውየው ልኮ ነበር።

በሩ ድረስ ወጣሁ፤ ምን ይገኛል ብዬ እንደሆነ እንጃ። አንበሳው ሐውልት ሥር ፎቶ የሚነሡ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ሁለት መቶውን በፖስታ አድርጌ ከማርካው ቆርቆሮ ሥር አስቀምጫለሁ። ላዩ ላይ "ሰማያዊ ኮት፣ በቴሌብር ከፍሏል" ብዬ ጽፌበታለሁ። ልጆቹ "ብዪው፣ የስድብሽ ካሳ ነው" ይሉኛል። ሱፐርቫይዘሩ በየወሩ ሲቆጥር ፖስታዋን አንሥቶ ያያትና መልሶ ያስቀምጣታል። እንዳልደውልለት የስልኩ ቁጥር መሀሉ በኮከብ ተሸፍኗል፤ ስሙ ግን መልእክቱ ላይ እስከ አባቱ አለ። እኔ የእሱን ስም አውቃለሁ፤ እሱ የእኔን አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ሰማያዊ ኮት ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠና ሁለቴ አጨበጨበ። ካሸር መሆኔን ረስቼ ፖስታዬን ይዤ ብድግ አልኩ። ዞር ሲል ሌላ ሰው ነው። ሻይ ፈልጎ ነው፤ ወሰድኩለት።